ሰራቂና ፋቂ፤ ስለ ወደብ መታሰቢያ ከአዱሊስ እስከ ሞጆ

የብራና መጽሐፍ ጸሐፊ ሥራውን ከፈጸመ በኋላ በመጨረሻው ገጽ ላይ ሁለት ሰዎችን አውግዞ ይሰናበታል። አንደኛው መጽሐፉን የሚሰርቅ ነው፤ ሁለተኛው በመጽሐፉ ላይ የተጻፈውን የሚፍቅ ነው። አባቶች እነዚህን ሁለቱን በአንድ ውግዘት ማሰራቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ሰራቂ መጽሐፉን ከቦታው ያርቃል፤ ፋቂ ግን መጽሐፉን በቦታው ትቶ እውነቱን ከመጽሐፉ ያርቃል። የተሰረቀ መጽሐፍ ዘመን ሲገጥመው ሊመለስ ይችላል፤ ምላጭ ያለፈበትን ፊደል ግን መልሶ ማንበብ እጅግ ያስቸግራል። በየገዳሙ ዕቃ ቤት የኖሩትን መጻሕፍት የገለጠ ሰው የፊተኛው ባለቤት ስም ተፍቆ የኋለኛው በላዩ የተጻፈበትን ቦታ ያገኛል፤ በዚያ ስፍራ ብራናው ሳስቶ ቀለሙም ተበላሽቶ የተሠራውን ነውር ራሱ ይናገራል።

ይህን ያነሣነው ስለ ብራና ለመጻፍ ሳይሆን ስለ ወደብ መታሰቢያ ለመጻፍ ነው። ወደብ የብዙ ሕዝብ መገናኛ ስለ ሆነ መታሰቢያው የአንድ ወገን ብቻ ሆኖ አያውቅም። ለአንዱ የገባው ዕቃ ከሌላው የወጣ ነው፤ ለአንዱ የድል ቀን የሆነው ለሌላው የልቅሶ ቀን ነው። ከዚህም የተነሣ በወደብ አጠገብ የቆመ ሐውልት፣ በወደብ በኩል ተጭኖ የሄደ ንዋየ ቅድሳት፣ ስለ ወደብ ጦርነት የተሣለ ሥዕል ሁሉ ክርክር አያጣውም። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ ክርክር ያለበትን መታሰቢያ ተከራካሪዎቹ ሁሉ ሊያዩትና ሊማሩበት በሚችሉበት መንገድ መጠበቅ እንዴት ይቻላል?

ይህን ጥያቄ ከሞጆ ማንሣት ለአንዳንድ አንባቢ እንግዳ ነገር ይመስለው ይሆናል። ሞጆ ባሕር የላትም፤ ያላት በስሟ የሚጠራው ወንዝ ነው። ነገር ግን ከኢትዮጵያ ወደቦች ዋናው ዛሬ በሞጆ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። ከአዲስ አበባ ወደ 70 ኪሎ ሜትር በምትርቀው በዚህች ከተማ ደረቅ ወደብ የሚባለው ሥራ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ተቋቋመ። በጅቡቲ ከመርከብ የወረደው ኮንቴይነር የተባለው ታላቅ የብረት ሣጥን እስከ ሞጆ ድረስ ይመጣና ፍተሻውም ቀረጡም በዚሁ ይፈጸማል። በ2009 ዓ.ም. መጀመሪያ የተመረቀው አዲሱ የምድር ባቡር በዚሁ ያልፋል፤ በዚያው በ2009 ዓ.ም. የዓለም ባንክ በተለይ ይህን ወደብ ለማደስ ለታሰበው የንግድ ማጓጓዣ ሥራ 150 ሚሊዮን ዶላር ፈቅዷል። ባሕሩ ሲርቅ ወደቡ ወደ ደጋው ቀረበ ማለት ነው። ስለዚህ ሞጆ የባሕሩን ሥራ እንደ ወረሰች የባሕሩን ታሪክም ከነክርክሩ ብትወርስ ተገቢ ነው።

ከሁሉ አስቀድመን ስለ አዱሊስ እንናገር። ቆዝማስ የሚባል የእስክንድርያ ነጋዴ፣ በኋላም የመነኰሰ፣ በ6ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ወደዚያ ወደብ በመጣ ጊዜ ወደ አክሱም በሚወስደው መንገድ አጠገብ ከነጭ ዕብነ በረድ የተሠራ ዙፋንና ከዙፋኑ በስተኋላ ከጥቁር ድንጋይ የተጠረበ ሐውልት አየ። ሁለቱም በግሪክ ቋንቋ ጽሑፍ ነበረባቸው። ዐፄ ካሌብ ባሕር ተሻግረው ወደ ሐሜር ለመዝመት በሚሰናዱበት ወራት የዚህ ጽሑፍ ግልባጭ እንዲላክላቸው የአዱሊስን ገዥ አዘዙ፤ ገዥውም ሥራውን ለቆዝማስና ለጓደኛው ሰጠ።

ሐውልቱ የግብፅ ንጉሥ የሦስተኛው በጥሊሞስ ነበር፤ ስለ ጦርነቱና ከዚህ አገር አስይዞ ለጦርነት ስላሠለጠናቸው ዝሆኖች ይናገራል። ዙፋኑ ግን ከብዙ ዘመን በኋላ የነገሠ የአክሱም ንጉሥ ነበር፤ ያስገበራቸውን አገሮች አንድ በአንድ ይቈጥራል፤ የጽሑፉ መጀመሪያ ስለ ጐደለ ግን የንጉሡ ስም አልታወቀም። ቆዝማስ ሁለቱን ጽሑፎች የአንድ የበጥሊሞስ ናቸው ብሎ አያያዛቸው። በዚህም ስሕተት የአክሱሙ ንጉሥ ሥራ ከ1,000 ዓመት በላይ ለግብፁ ንጉሥ ተቈጥሮ ኖረ፤ ሊቃውንት ሁለቱን ለይተው ያወቁት ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላ ነው። ቆዝማስ አንድ ሌላ ነገርም ጽፏል፤ ሞት የተፈረደባቸው ሰዎች ይገደሉ የነበሩት በዚያ ዙፋን ፊት ነው። ስለዚህ ያ ድንጋይ ለንጉሡ የክብሩ መታሰቢያ ሲሆን ለሟቹ ዘመዶች የሞት ቦታ ምልክት ነበረ ማለት ነው።

ዛሬ ዙፋኑም ሐውልቱም የሉም፤ የቀረው ግልባጩ ብቻ ነው። ቆዝማስ በትርጓሜው ቢሳሳትም ፊደሉን እንዳገኘው ጻፈ፤ ያልመሰለውን አልፋቀም፤ የተሻለ የመሰለውን አልጨመረም። ኋላ የተነሡት ሊቃውንት ስሕተቱን ሊያርሙ የቻሉት ራሱ ቆዝማስ በታማኝነት ባቈየው ንባብ ነው። ይህን ነገር አንባቢ በልቡ ይያዘው፤ ወደ ፊት እንመለስበታለንና።

ከአዱሊስ ፍርስራሽ አጠገብ ዙላ የሚባል ስፍራ አለ። የእንግሊዝ ጦር በጄኔራል ናፒየር መሪነት ወደ መቅደላ በዘመተ ጊዜ፣ በ1860 ዓ.ም.፣ የወረደው በዚያ ነው። ጦሩ 13,000 ያህል ወታደርና ከህንድ ያመጣቸው 44 ዝሆኖች ነበሩት፤ በባሕሩ ዳር መርከብ የሚጠጋበት ድልድይ ሠራ፤ ወደ ተራራው ግርጌ የሚወስድ የባቡር ሐዲድም ዘረጋ። ከሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በኋላ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ በሞቱ ጊዜ፣ የመቅደላ መድኃኔ ዓለም ዕቃ ቤት ተበረበረ። የተወሰደው መጽሐፍ፣ መስቀል፣ አክሊልና ጽዋ ለመጓጓዣው 15 ዝሆንና 200 ያህል በቅሎ አስፈልጎት ነበር። በደላንታ ሜዳ በጨረታ ከተሸጠ በኋላ በዙላ በኩል ተጭኖ ወደ እንግሊዝ ሄደ። ሕፃኑ ልዑል ዓለማየሁም በዚያው በር ወጥቶ አልተመለሰም። ሐዲዱን እንኳ ጦሩ ሲመለስ ነቅሎ ወስዶታል።

ዛሬ በለንደኑ ታላቅ ቤተ መዘክር 11 ጽላት ይገኛሉ። ቤተ መዘክሩ የጽላቱን ክብር አውቆ ለተመልካች አያሳያቸውም፤ የራሱ ሠራተኞችም አያዩአቸውም። ይህ አክብሮት መልካም ነው፤ ነገሩ ግን አስገራሚ ሆነ። ማሳያ ቤት ሊያሳየው የማይገባውን ነገር ይዞ ይጠብቃል፤ የሚሳለሙት ሰዎች ደግሞ ሊደርሱበት አልቻሉም። በኤዲንበርግ ከተማ ያለች አንዲት ቤተ ክርስቲያን ግን በቁም ሣጥኗ ውስጥ የተገኘውን ታቦት በ1994 ዓ.ም. በፈቃዷ መልሳለች። የሰራቂ ልጅ የአባቱን ዕዳ ሊከፍል እንደሚችል ከዚህ እንማራለን።

ከዙላ ወደ ሰሜን ጥቂት እንደ ተሄደ ምጽዋ ትገኛለች። በግንቦት 1876 ዓ.ም. የእንግሊዙ አድሚራል ሂዌት ከዐፄ ዮሐንስ ጋር በዓድዋ ውል ተዋዋለ፤ በውሉም ማናቸውም ዕቃ በምጽዋ በኩል ያለ ቀረጥ እንዲያልፍ ተስፋ ተሰጠ። ነገር ግን ዓመት ሳይሞላ በጥር 1877 ዓ.ም. የኢጣሊያ ጦር እንግሊዞች እያወቁ ምጽዋን ያዘ። ከዚያም ወደ ውስጥ እየገፋ ሰዓጢን በያዘ ጊዜ ራስ አሉላ በጥር 1879 ዓ.ም. ለሰዓጢ ርዳታ ይሄድ የነበረውን 500 የሚያህል ጦር በዶጋሊ ገጥመው ደመሰሱት። ከኢጣሊያ ወገን ከ400 የሚበልጥ ሰው ሞተ፤ የራስ አሉላም ጦር ያለ ሙታን አልተመለሰም።

እንግዲህ ይህ አንድ ጦርነት በሁለት አገር እንዴት እንደ ታሰበ እንይ። በእኛ ዘንድ ዶጋሊ የዓድዋ መቅድም፣ የራስ አሉላም የጀግንነት ምስክር ሆኖ ይነገራል። በሮማ ግን የሙታኑ ስም የተቀረጸበት ሐውልት በዚያው ዓመት በባቡር ጣቢያው ፊት ቆመ፤ የጣቢያው አደባባይም እስከ ዛሬ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ይባላል። ሐውልቱ ራሱ የኢጣሊያ ሥራ አይደለም፤ በፈርዖን ራምሴስ ዘመን በግብፅ በሄልዮጶሊስ ተጠርቦ ቆሞ የነበረ፣ በጥንት ሮማውያን የተወሰደ ድንጋይ ነው። ሚኬለ ካማራኖ የሚባል ሠዓሊም ከመንግሥቱ ታዝዞ በምጽዋ ብዙ ዓመት ተቀምጦ የዶጋሊን ጦርነት በታላቅ ሸራ ሣለ፤ ሥዕሉ የተፈጸመው በአውሮፓ አቈጣጠር በ1896፣ የዓድዋ ጦርነት በሆነበት ዓመት ነው። በእርሱ ሥዕል ላይ የሚታየው የወገኖቹ መከራ ነው። በአገራችን ሠዓልያን ልማድ ደግሞ ወዳጅ በሙሉ ፊቱ፣ ጠላት በአንድ ወገን ፊቱ ይሣላል። ሁለቱም ሠዓልያን አልዋሹም፤ ነገር ግን እያንዳንዱ የባላጋራውን አንድ ዓይን ሸሽጓል።

ይህ በዚህ አላበቃም። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በሞጆም አልፎ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ፤ የመንገዱ ርዝመት 784 ኪሎ ሜትር ነበር። በ1923 ዓ.ም. ለዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ በዓል በለገሃር ጣቢያ ፊት የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ተተከለ። በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን የያዘው የፋሺስት ጦር አንበሳውን አንሥቶ ወደ ሮማ ላከውና በ1929 ዓ.ም. በዚያው በዶጋሊ ሐውልት ሥር አቆመው። ዘርዓይ ደረስ የሚባል የኤርትራ ተወላጅ በዚያ አንበሳ ፊት ተንበርክኮ ሳለ ሊያነሡት በመጡት ላይ ሰይፉን መዘዘ ተብሎ ይታወሳል፤ በሲሲሊ እንደ ተጋዘ በ1937 ዓ.ም. ሞተ። ዛሬ ኢትዮጵያም ኤርትራም ጀግናዬ ይሉታል። አንበሳው ከነጻነት በኋላ ብዙ ዓመት ቆይቶ ተመልሶ በለገሃር ቆሟል። የአክሱምም ሐውልት በ1929 ዓ.ም. በምጽዋ ወደብ ተጭኖ ሄዶ ነበር፤ በ1997 ዓ.ም. በተመለሰ ጊዜ ግን ሁለቱ አገሮች ተጣልተው የምጽዋ መንገድ ተዘግቶ ስለ ነበር በሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን ተጓዘ። በባሕር የወጣው በሰማይ ገባ። ያ ድንጋይ በባዕድ አገር ከ60 ዓመት በላይ ቆይቶ ሲመለስ ያገኘው የተዘጋ በር የወንድማማች በር ነበር።

እስከዚህ የተናገርነው ስለ ሰራቂ ነው። ሰራቂን መክሰስ ቀላል ነው፤ ብዙ ጊዜ ሩቅ አገር ያለ ባዕድ ነውና። ፋቂ ግን ከቤታችን ነው፤ ስለዚህም ስለ እርሱ መናገር ያሳፍራል። ነገር ግን ውግዘቱ ሁለቱን እኩል ካሰረ እኛም አንዱን ከሰን ሌላውን ልንሸሽግ አይገባም።

ኤርትራ በ1945 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ተያዘች፤ በ1955 ዓ.ም. ፌዴሬሽኑ ፈረሰ፤ የ30 ዓመት ጦርነትም ተደረገ። በየካቲት 1982 ዓ.ም. ምጽዋ በሻዕቢያ ጦር እጅ ወደቀች፤ ከዚያም በኋላ በአዲስ አበባ የነበረው መንግሥት ከተማይቱን በአውሮፕላን ደበደበ። ዛሬ በምጽዋ ሦስት የተማረኩ ታንኮች የድል መታሰቢያ ሆነው ቆመዋል። ለምጽዋ ሕዝብ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ከመሀል አገር ሄዶ በዚያ ባሕር ዳር የወደቀው ወታደርም እናት ነበረችው፤ ለእርስዋም መቃብሩን ያላየችው ልጅዋ እውነት ነው። የአንደኛው ሐውልት ስለ ሁለተኛው አይናገርም፤ የሁለተኛዋም ልቅሶ በአውሮፕላን ስለ ሞቱት የምጽዋ ሰዎች አይናገርም።

በግንቦት 1990 ዓ.ም. በሁለቱ አገሮች መካከል ጦርነት በተነሣ ጊዜ ደግሞ የአሰብ ወደብ ለኢትዮጵያ ተዘጋ። በአሰብ ጭነት በማውረድና በመጫን ይኖሩ የነበሩ ኢትዮጵያውያን ቤታቸውን ትተው ወጡ፤ ከኢትዮጵያም በአሥር ሺህ የሚቈጠሩ የኤርትራ ተወላጆች ቤታቸውንና ንግዳቸውን ጥለው ተባረሩ። ከእነርሱም ብዙዎቹ በዚህ አገር ተወልደው ያደጉ ነበሩ። ስለ አሰብ ስናስብ የራሳችንን ስደተኛ እናስባለን፤ ያባረርነውን ጎረቤት ግን አናነሣም። ይህ ያለ ምላጭ መፋቅ ነው።

ሌላውም መፋቅ በየቀኑ በአፋችን ያለ ነው። ከሞጆ ቀጥላ ያለችው ከተማ በኦሮሞ ሕዝብ ዘንድ አዳማ ትባል ነበር፤ በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ናዝሬት ተባለች፤ በ1990ዎቹ ደግሞ ወደ አዳማ ተመለሰች። ቢሾፍቱም እንዲሁ ደብረ ዘይት ተብላ ኋላ ቢሾፍቱ ወደ መባል ተመልሳለች። በቅዱስ መጽሐፍ ስም መጠራት ክብር ነው፤ ነገር ግን ክብሩ የመጣው የፊተኛውን ስም በመፋቅ ከሆነ በአያቶቹ አፍ የኖረውን ስም የተነጠቀው ሰው እንደ ክብር አይቀበለውም። ስሙ ሲመለስም በሁለተኛው ስም ተወልደው፣ ተጠምቀው፣ ተድረው የኖሩት ሰዎች ዘመናቸው እንዳልነበረ ሆኖ የተፋቀ ይመስላቸዋል። የትኛው ስም ይገባል የሚለው የሕዝቡ ፈንታ ነው፤ እርሱም ተወስኗል። የታሪክ ፈንታ ግን ሁለቱም ስሞች መቼ፣ በማን ትእዛዝ፣ በምን ምክንያት እንደ ተጻፉ ሳይፋቅ ማቈየት ነው።

ታዲያ የማይፍቅ መታሰቢያ ምን ይመስላል? በአዲስ አበባ በስድስት ኪሎ፣ ቀድሞ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ዛሬም ዩኒቨርሲቲ በሆነው ግቢ፣ ኢጣሊያኖች በወረራው ዘመን የሠሩት ደረጃ አለ። ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት ጊዜ ጀምሮ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ ተቈጥሮ ደረጃው 14 ነው። ነጻነት በተመለሰ ጊዜ ደረጃውን ማፍረስ ይቻል ነበር። ነገር ግን አላፈረሱትም፤ በመጨረሻው ደረጃ ላይ የይሁዳን አንበሳ አኖሩበት። የሚያልፈው ተማሪ ሁሉ የፋሺስቱን ትዕቢት ይቈጥራል፤ ቈጥሮም ሲጨርስ ከራሱ ላይ የተቀመጠውን ያያል። ደረጃው ቢፈርስ ኖሮ አንበሳው ትርጓሜ ባላገኘም ነበር።

ይህ አሠራር ለእኛ አዲስ አይደለም። በመጻሕፍት ትርጓሜ ጉባኤ መምህሩ አስቀድሞ ንባቡን ያሰማል፤ ቀጥሎ አንድም ብሎ አንድ ፍቺ ያመጣል፤ እንደገና አንድም ብሎ ሌላ ያመጣል፤ ታሪክም ያስከትላል። የፊተኛውን ፍቺ ለኋለኛው ሲል አይጥልም፤ ንባቡን ግን ከቶ አይነካም። ክርክር ያለበት የወደብ መታሰቢያም እንዲሁ ሊጠበቅ ይገባዋል። ንባቡ ዕቃው ነው፤ ቀኑ ነው፤ የሞተው ሰው ቍጥርና የተፈረመው ውል ነው። አንድምታው እያንዳንዱ ወገን በዚያ ነገር ላይ ያለው ትዝታ ነው። በሮማ ያለው የዶጋሊ ሐውልት ከሥሩ የራስ አሉላ ወገኖች ያሉት ቢጻፍበት፣ በእኛም ቤተ መዘክር ከዓድዋ ሥዕል አጠገብ ከካላብርያ ወይም ከፒየሞንት የመጣው ወታደር ለምን እንደ ተላከ ቢነገር፣ ከአንዱም ወገን ክብር አይጐድልም።

እዚህ ላይ የሚቃወም ሰው አይታጣም። «ሰራቂውንና ባለቤቱን ጐን ለጐን አቁመህ ሁለቱንም አንድም እያልህ ብትተረጕም ስርቆትን ከመብት ጋር ማስተካከል አይሆንምን?» ይላል። አይሆንም። በጉባኤ ቤት አንድም የተባለው ሁሉ እኩል አይደለም፤ የማይስማማውን ፍቺ መምህሩ አይስማማም ብሎ ይነቅፈዋል፤ ከንባቡ ጋር የተጣላ ፍቺ አይጸናም። የመቅደላ ዕቃ ቤት መበርበሩ ንባብ ነው፤ በአንድምታ አይለወጥም። ምጽዋ በአውሮፕላን መደብደቧም ንባብ ነው፤ ደብዳቢው የእኛ መንግሥት ስለ ነበረ አይፋቅም። አንድምታ እውነትን ለሁለት ለመክፈል አልተሠራም፤ የተሠራው አንዱ ሰው ከቆመበት ቦታ የማይታየውን ሌላው ከቆመበት እንዲያሳየው ነው።

አሁን ወደ ሞጆ እንመለስ። በዚህች ከተማ የወደብን ታሪክ የሚያሳይ ቤት ቢሠራ፣ ለምሳሌ በቀድሞው የባቡር ጣቢያ አጠገብ፣ ምን ምን ነገር ሊገባው ይገባል? ከአዱሊስ የቆዝማስ ግልባጭ ከግእዝና ከአማርኛ፣ ከኦሮምኛና ከትግርኛ ትርጕም ጋር ይግባ። የሂዌት ውል ይግባ። ከአሰብ የመጣ የጫኝና አውራጅ ልብስ ይግባ፤ ከእርሱም ጐን ከዚህ አገር ሲባረር ቍልፉን ለጎረቤቱ አደራ ሰጥቶ የሄደ የኤርትራ ተወላጅ ቢገኝ ቍልፉ ይግባ። የኮንቴይነሩ የብረት ሣጥን ራሱ ይግባ፤ ከሣጥኑ ሥር ግን አፈር ይቀመጥ፤ ዙሪያው የሉሜ ምድር ጤፍ አብቃይ ነውና መጋዘንና መንገድ ሲሰፋ እርሻ እንደሚጠብብ ተመልካች እንዳይረሳ። ያረሰው ገበሬም ትዝታውን በገዛ ቋንቋው ይናገር። ለነጋዴው ወደቡ በረከት ነው፤ እርሻው ለሄደበት ሰው ግን ሌላ አንድምታ አለው።

የቆቃ ሐይቅም በዚያ ቤት ሥዕል ሊኖረው ይገባል። የሞጆ ወንዝ የሚገባበት ይህ ሐይቅ የተፈጠረው በአዋሽ ላይ በተሠራውና በ1952 ዓ.ም. በተመረቀው ግድብ ነው፤ ለግድቡ የዋለውም ኢጣሊያ በ1948 ዓ.ም. በተደረገው ስምምነት የከፈለችው የጦርነት ካሣ ነው። በዚህ ውኃ ዳር ዓሣ የሚበላው መንገደኛ ይህን የሚያስብ ከስንት አንድ ነው። ንባቡ ይህ ነው፤ አንድም፦ በመርዝ ጢስና በጥይት ያለቁት ሰዎች የደም ዋጋ ነው፤ አንድም፦ ለአዲስ አበባና ለአካባቢው የበራ መብራት ነው፤ አንድም፦ ውኃ በሸፈነው መስክ ከብቱን ያሰማራ የነበረ የኦሮሞ አርብቶ አደር ያጣው ምድር ነው። ሦስቱም እውነት ናቸው፤ ከሦስቱ አንዱን የሚፍቅ ግን ሁለቱንም ያበላሻል።

መታሰቢያን ማካፈል ርስትን እንደ መካፈል አይደለም። ርስት ሲካፈል የእያንዳንዱ ድርሻ ያንሳል፤ መታሰቢያ ሲካፈል ግን የእያንዳንዱ ዕውቀት ይበዛል። ተዝካርም መዘክርም ከአንድ ሥር የወጡ ቃላት ናቸው። ተዝካር የሚደገሰው ለሟች ወገኖች ብቻ አይደለም፤ ድኻውም እንግዳውም ይጠራበታል፤ ከሟቹ ጋር የተጣላ ሰው እንኳ ቢመጣ ከማዕዱ አይከለከልም። ቤተ መዘክርም እንዲሁ ቢሆን ስሙን ያገኛል። ባለቤቱ ብቻ የሚበላበት ድግስ ተዝካር እንዳልሆነ ሁሉ አንድ ወገን ብቻ የሚያለቅስበት ወይም የሚፎክርበት ቤትም መዘክር ሊባል አይገባውም።

ጊዜው ግን አጭር ነው። በቀድሞው ባቡር ላይ የሠሩት ሰዎች አርጅተዋል፤ አሰብን ያዩት ሾፌሮች ጥቂቶች ናቸው፤ የምጽዋን ጦርነት ያዩ ወታደሮች በሁለቱም አገር በሽምግልና ላይ ናቸው። በየደብሩ የምትገኙ ካህናት፣ በየትምህርት ቤቱ ያላችሁ መምህራን፣ በየንግድ ቤቱ የተቀመጣችሁ የከተማ ሰዎች፣ እነዚህን ሽማግሎች ጠይቃችሁ የነገሯችሁን ሳታሳምሩና ሳትቀንሱ ጻፉት። የተናገረው ሰው ከማን ወገን እንደ ሆነም ጻፉ። የአዱሊስ ዙፋን ጠፍቶ ግልባጩ እንደ ቀረ አይተናል። ኮንቴይነሩም አንድ ቀን ይዝጋል፤ ሐዲዱም አንድ ቀን ይነቀላል። ሳይፋቅ የተጻፈው ቃል ከቀረ ግን ከእኛ በኋላ የሚነሡት የእኛን ስሕተት በእኛው ጽሑፍ ሊያርሙት ይችላሉ።